«ቤቲ» ለምን «ቤቱ» ሆነች፦ ቲቪን በሞኒተር ፋንታ ስጠቀም ያየሁት

ሥራዬ የመጽሐፍ ገጽ ማቀናበር ነው። ደራሲዎች በእጅ የተጻፈም፣ ስልክ ላይ የተተየበም ረቂቅ ያመጡልኛል። እተይባለሁ፣ አርማለሁ፣ ሌይአውቱን ጨርሼ ለማተሚያ ቤት አስረክባለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ዓይኔ የሚያርፈው ፊደል ላይ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚያ ስለሚነሳ ነው። ኮምፒውተራችሁን ከቲቪ ጋር የምታገናኙት ፊልም ለማየት ከሆነ ገመዱን ሰክታችሁ ማየት ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ቲቪው ላይ ጽሑፍ ለመሥራት ካሰባችሁ ግን ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ሄደ። ሲመለስ ጭል ጭል አለ፣ ጠፋ፣ እንደገና በኃይል መጣ። ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ ስለነበር ተረፈ። 22 ኢንች ሞኒተሬን ግን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክቼው ነበር። ከዚያ ወዲያ አልበራም። ጥገና የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ ፈትቶ አየውና «እህቴ፣ ፓወር ቦርዱ ብቻ ቢሆን እቀይርልሽ ነበር፣ ፓነሉም አብሮ ሄዷል» አለኝ። እጄ ላይ 300 ገጽ የሚሆን ልብ ወለድ አለ። ለማተሚያ ቤቱ የቀጠርኩት ቀን ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ሳሎናችን ውስጥ 32 ኢንች ቲቪ አለ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመለስ ያመጣችልን ነው። እናቴን አስፈቅጄ ጠረጴዛዬን ወደ ሳሎን አስጠጋሁ። እሷም «ውሰጂው ልጄ፣ የ2 ሰዓት ዜናዬን ብቻ እንዳታስመልጪኝ» ብላ ፈቀደችልኝ። ስለዚህ በየማታው 2 ሰዓት ሲሆን ሥራዬን አቁሜ ወደ ሪሲቨሩ እቀይርላት ነበር።

ኮምፒውተሬ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ከተማው ውስጥ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ዓይነት። ቲቪው የሚቀበለው ኤችዲኤምአይ የሚባለው የምስል ቀዳዳ ከኋላው የለውም፣ ያለው ቪጂኤ እና ዲስፕሌይፖርት የሚባሉት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አዳፕተር ሲገዛ ነው። ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውና ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም። ሻጩን «ከኮምፒውተሩ የሚወጣው ይሄ ነው፣ ቲቪው ላይ የሚገባው ይሄ ነው» ብላችሁ ለይታችሁ ንገሩት። ዲስፕሌይፖርት ካላችሁ ደግሞ ቪጂኤውን እርሱት። በዲስፕሌይፖርቱ ድምፅም አብሮ ይሄዳል፣ ምስሉም የጠራ ይሆናል።

ሰካሁት፣ በራ። ፊደሉ ትልቅ፣ ቀለሙ ደማቅ። የመጀመሪያው ቀን ደስ አለኝ። ከታች በቀኝ በኩል ያለው ሰዓት ግማሹ ተቆርጦ እንደሚታይ አስተውያለሁ፣ ግን የጊዜ ችግር ስለነበረብኝ አለፍኩት። ሦስት ቀን ሙሉ አረምኩ፣ ፒዲኤፉን ላክሁ፣ ደራሲው ለመጨረሻ እይታ የሚሆን ኮፒ አሳትመው ወሰዱ። በማግስቱ ደወሉ። «ልጄ፣ ቤቲ የት ጠፋች?» አሉኝ።

ቤቲ የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። ደራሲው «ቤቲ ገባች» ብለው የጻፉት ቦታ ላይ እኔ ያስቀመጥኩት «ቤቱ ገባች» የሚል ነው። ልጅቷ ገባች የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰውየው ቤት ገባች የሚል ሆነ። ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ስለሆነ ምንባቡ አያደናቅፍም፣ ትርጉሙ ብቻ ነው የሚሄደው። አሥራ አንድ ቦታ ላይ እንዲህ ሆኗል።

ስህተቱ ሲተየብ እንዴት እንደሚፈጠር አውቀዋለሁ። በላቲን ፊደል ድምፅ እየተየብን ግዕዝ በምንጽፍበት ስልት ካዕብን የምትሰጠው ቁልፍና ሣልስን የምትሰጠው ቁልፍ ኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፣ ጣት ትንሽ ከሳተ «ቲ» «ቱ» ይሆናል። ይህ ሁልጊዜ ይደርስብኛል፣ ሲታረም ይገኛል። ያስደነገጠኝ ሦስት ቀን ሙሉ አፍጥጬ ሳየው አለማየቴ ነው።

ፊደሉን እስቲ ልብ በሉት። «ቱ» እና «ቲ» አካላቸው አንድ ነው። ልዩነታቸው በቀኝ በኩል የምትወጣው አጭር ጭረት ናት። በካዕቡ መሃል ወገቡ ላይ ትወጣለች፣ በሣልሱ እግሩ ሥር። «ሱ»ና «ሲ»፣ «ቡ»ና «ቢ»፣ «ሉ»ና «ሊ»፣ «ዙ»ና «ዚ» ሁሉም እንዲሁ ናቸው። አሁን ያቺን ጭረት ሊያሳይ የሚችለው የስክሪኑ ነጥብ፣ ማለትም ፒክስሉ ነው። እኔ ሳርም የመጽሐፉን ገጽ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሙሉውን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ነው። የሳሎናችን ቲቪ ፓነል (ምስሉን የሚያሳየው የፊቱ ክፍል) በወርዱ 1366፣ በቁመቱ 768 ፒክስል ነው። ከ768ቱ ላይ የፕሮግራሙ ሜኑና የታችኛው መስመር ሲቀነስ ለገጹ የሚተርፈው 600 ገደማ ነው። በኤ5 ገጽ ላይ በ11 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የተጻፈ ፊደል በዚህ ስሌት 11 ፒክስል ያህል ቁመት ይደርሰዋል፣ ከዚያም ውስጥ ለመስመር ክፍተት የሚሄድ አለ። በተቃጠለው ሞኒተሬ 1920 በ1080 ላይ ያው ፊደል 17 ገደማ ይደርሰው ነበር። 22 ኢንቹ 32 ኢንቹን የሚበልጠው በዚህ ነው። የቲቪው ፊደል ትልቅ ሆኖ የሚታየው ነጥቦቹ ስለተለጠጡ እንጂ ስለበዙ አይደለም።

በዚያ ላይ ሌላ ጉዳይ ነበረ፣ ይሄኛው እናንተም ቤት ሊኖር ስለሚችል በደንብ አስተውሉት። ዊንዶውስ ውስጥ ገብቼ ሳይ ሬዞሉሽኑ (የፒክስሉ ብዛት) 1920 በ1080 ይላል። ፓነሉ 768 መስመር ብቻ ያለው ቲቪ ለኮምፒውተሩ «1080 እቀበላለሁ» ብሎ ይናገራል፣ መቀበሉንም ይቀበላል። ከዚያ ግን ለራሱ ፓነል እንዲመጥን ጨምቆ ያሳየዋል። 1080ውን መስመር ወደ 768 ሲጨምቀው ቀጭኗ ጭረት ከአጠገቧ ካለው ጋር ትዋሃዳለች። የተቆረጠው ሰዓትም ምክንያት አለው። ቲቪዎች ከድሮ ጀምሮ የምስሉን ዳር ዳር ትንሽ ቆርጠው ቀሪውን ለጥጠው የማሳየት ልማድ አላቸው፣ ኦቨርስካን ይባላል። ለፊልም ማንም አይታወቀውም። ለጽሑፍ ግን እያንዳንዱን ፊደል ከቦታው ያንሸራትተዋል። ስለዚህ የኔ ፊደል አንዴ ተጨምቆ፣ አንዴ ተለጥጦ ነበር የሚደርሰኝ።

ማጥፊያው ሪሞቱ ላይ ነው። የምስል መጠን የሚቀየርበት ሜኑ ውስጥ በኤልጂ «ጀስት ስካን»፣ በሳምሰንግ «ስክሪን ፊት» ወይም «ፊት ቱ ስክሪን» የሚል ይገኛል፣ በሶኒ «ፉል ፒክስል» ይባላል። ያን ከመረጣችሁ በኋላ የዊንዶውሱ ሰዓት ሙሉ ለሙሉ መታየት አለበት። ቀጥሎ የቲቪውን ትክክለኛ የፓነል ልክ ከመመሪያው ወይም ከካርቶኑ ላይ ፈልጉና ዊንዶውሱን በዚያው ልክ አድርጉት። እኔ ይህን ሁሉ ካስተካከልኩ በኋላ ፊደሉ በጣም ጠራ። ግን ፒክስሉ ያው 11 ነው። ገጹን አስፍቼ ግማሽ ግማሹን እያየሁ መጽሐፉን እንደ አዲስ አረምኩት። ደራሲውን ይቅርታ ጠይቄ ማተሚያ ቤቱን ሁለት ቀን አስጨመርኩ። ቤቲ አሥራ አንዱም ቦታ ላይ ተመለሰች።

ከዚያ ሞኒተር ፍለጋ ወጣሁ። መገናኛም መርካቶም ዞርኩ። ዋጋ አልጽፍም፣ በየሳምንቱ ስለሚቀያየር ነገ አይጠቅማችሁም። ግን ትልቅና ጥሩ ሞኒተር ከተባለው ይልቅ ያገለገለ 43 ኢንች 4ኬ ቲቪ በጣም ረክሶ አገኘሁት። ከሳሎኑ ቲቪ ያየሁት አስፈርቶኝ ነበር፣ ግን ሒሳቡን ሠራሁት። 4ኬ ማለት 3840 በ2160 ነው። 43 ኢንች ላይ ሲሆን በአንድ ኢንች 102 ፒክስል ገደማ ይሆናል፣ ይህ ደግሞ ከ22 ኢንች ሞኒተሬ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ልክ አራት የድሮ ሞኒተሬን ያለ ክፈፍ ገጣጥሞ እንደማስቀመጥ ማለት ነው። የሳሎኑ ቲቪ በአንድ ኢንች 49 ብቻ ነበር።

ስለዚህ ቲቪ ልትገዙ ስትሄዱ በኢንቹ አትታለሉ። 43 ኢንች ሆኖ 1080 ብቻ የሆነ ቲቪ ገበያው ላይ ሞልቷል፣ እሱ በአንድ ኢንች ባለው ፒክስል ከሳሎናችን ቲቪ ብዙም አይሻልም። 32 ኢንች ቲቪና 24 ኢንች 1080 ሞኒተር በተቀራራቢ ዋጋ ካገኛችሁ ደግሞ ያለ ማመንታት ሞኒተሩን ውሰዱ። 55 ኢንች 4ኬ ለጠረጴዛ ይበዛል፣ አንገት ያደክማል።

ሱቅ ውስጥ ቲቪ ሲያሳዩአችሁ የሚከፍቱት ያንኑ የዓሣና የአበባ ቪዲዮ ነው። በዚያ የማያምር ቲቪ የለም። እኔ የጓደኛዬን ላፕቶፕ፣ የራሴን ኬብልና አንድ ገጽ ይዤ ሄድኩ። ገጹ ላይ «ቤቱ ቤቲ ሱ ሲ ቡ ቢ ሉ ሊ ዙ ዚ» የሚል በ9፣ በ11 እና በ14 ፖይንት ጽፌያለሁ፤ አንዴ በጥቁር ነጭ ላይ፣ አንዴ በቀይ ነጭ ላይ፣ አንዴ በቀይ ጥቁር ላይ። ሻጩ ገርሞት «እህቴ፣ ፊልም አትከፍቺም እንዴ?» አለኝ። ሥራዬን ስነግረው ወንበር አመጣልኝ። ሦስት ቲቪ ላይ ሞከርኩት። አንዱ ላይ ቀዩ ፊደል ጥቁሩ ላይ ፈሶ ነበር የሚታየው፣ ሜኑውን ብንበረብርም አልስተካከል አለ፣ ተውኩት። ሌላው ላይ ከመሃል ሲታይ ጥሩ ሆኖ ዳር ዳሩ ደብዛዛ ነበር። ሦስተኛውን ገዛሁ። ነጭ ገጽ ሙሉ ስክሪን ከፍታችሁ ጥላ ወይም የሞተ ነጥብ እንዳለም ተመልከቱ፣ ያገለገለ ከሆነ በተለይ። ኦሌድ የሚባለውን ዓይነት ደግሞ ለዚህ ሥራ አልመክርም። ቀኑን ሙሉ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ሜኑና መስመር ፓነሉ ላይ ታትሞ ሊቀር ይችላል።

ቤት ወስጄ ስሰካው ማውዙ ከበደኝ። እጄን ሳንቀሳቅስ ቀስቷ ወደ ኋላ ትቀራለች፣ ገጽ ሳሸበልል ይዘላል። ዊንዶውስ ውስጥ ሳይ 30 ኸርዝ ይላል፣ ስክሪኑ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ይታደሳል ማለት ነው። ምክንያቱ አዳፕተሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ሙሉ 4ኬን የሚያሳልፈው በ30 ኸርዝ ነው፣ 60 የመጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ከወጣው 2.0 ጋር ነው። ርካሾቹ አዳፕተሮች አብዛኞቹ የመጀመሪያውን ነው የሚከተሉት። ኮምፒውተሬ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ስለሆነ በዲስፕሌይፖርቱ 4ኬ 60 ማውጣት ይችላል። ስለዚህ «4ኬ 60» ተብሎ የተጻፈበትን፣ አክቲቭ የሚባለውን አዳፕተር ፈልጌ ገዛሁ። ከዚህ ያረጀ ኮምፒውተር ያላችሁ ቲቪውን ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁ 4ኬ 60 ማውጣቱን አረጋግጡ፣ ካልሆነ ሌላ ግራፊክስ ካርድ ሊያስፈልጋችሁ ነው። በ30 ኸርዝ ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል፣ ቀኑን ሙሉ መሥራት ግን ያደክማል። እኔ አንድ ሳምንት ሞክሬው ማታ ማታ ራሴን ያመኝ ነበር።

አዳፕተሩ ከተቀየረም በኋላ 60 አልመጣም። ቲቪው ላይ ለዚያ ቀዳዳ ለብቻው የሚከፈት ሰቲንግ አለ። በሳምሰንግ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ» ወይም በቀድሞዎቹ «ዩኤችዲ ከለር»፣ በኤልጂ «አልትራ ኤችዲ ዲፕ ከለር» ይሉታል። አንዳንድ ቲቪ ላይ ደግሞ 4ኬ 60 የሚቀበለው ከሦስቱ ቀዳዳ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ነው። ሁሉንም ሞክሩ።

አሁን የቀዩ ፊደል ጉዳይ። ደራሲዎች እርማታቸውን በማይክሮሶፍት ወርድ ሲሰጡኝ በቀይ ነው የሚመጣው። ጥቁሩ ጽሑፍ ጥርት ብሎ ቀዩ ብቻ የተነካካ ቀለም መስሎ ሲታየኝ የዓይኔ ችግር መስሎኝ ነበር። ቲቪ ለቪዲዮ የተሠራ ነው። ቪዲዮ ላይ ብርሃኑ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይላካል፣ ቀለሙ ግን ለአራት ነጥብ አንድ ብቻ ቢላክ ዓይን አያስተውለውም፤ ሜኑ ውስጥ 4:2:0 የሚባለው ይህ ነው። ያቺ የ«ቲ» ጭረት ግን ከአንድ ሁለት ነጥብ አትበልጥም። ቀለሟን ከጎረቤቶቿ ጋር ስትካፈል ትሟሟለች። የምትፈልጉት 4:4:4 ነው፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ የራሱ ቀለም። ብዙ ቲቪ ላይ የሚገኘው በቀላል መንገድ ነው። የምንጮች ዝርዝር ውስጥ ገብታችሁ ኮምፒውተሩ የተሰካበትን ቀዳዳ ስም ወይም ምልክት «ፒሲ» ወደሚለው ቀይሩት። ስም ብቻ ይመስላል፣ ግን ቲቪው ያን ሲያይ አብዛኛውን የቪዲዮ ማሳመሪያ ይተወዋል። እኔ ስሙን ቀይሬ ተመልሼ ሳይ ቀዩ እርማት ልክ እንደ ጥቁሩ ጠርቶ ቆመ። ከሁሉም ሰቲንግ አንድ ብቻ ትዝ እንዲላችሁ ከፈለግኩ ይሄ ነው።

ቀሪው በቶሎ የሚያልቅ ነው። ሻርፕነስ የሚለውን ቀንሱ። ምስል የሚያጠራ ይመስላል፣ በእውነቱ ግን በየፊደሉ ዙሪያ ነጭ ጠርዝ ይሠራል። ብዙ ቲቪ ላይ ዜሮ ወይም ዜሮ አካባቢ ነው ልኩ፣ ሶኒ ላይ ግን መሃሉ 50 ስለሆነ እዚያ ተዉት። ማውዙ ከእጃችሁ ከዘገየ «ጌም ሞድ» አብሩ። ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለ ወይም ጥቁር ቦታዎች ከተዋጡ፣ የኮምፒውተሩና የቲቪው የቀለም ልክ አልተስማማም ማለት ነው፤ ሁለቱንም «ፉል» ወይም ሁለቱንም «ሊሚትድ» አድርጓቸው። ብርሃኑን በጣም ቀንሱት። የቲቪ ብርሃን የተሠራው ለሦስት ሜትር ርቀት ነው፣ አጠገቡ ስትቀመጡ ዓይን ይፈጃል። የምትቀንሱት «ባክላይት» የሚለውን ነው። ክፍሉ ሲጨልም በራሱ የሚደበዝዘውንም አጥፉት፣ ነጭ ገጽ ላይ እየዋዠቀ ያስቸግራል። በመጨረሻ ዊንዶውስ ውስጥ ክሊርታይፕ የሚለውን የፊደል ማጥሪያ ከፍታችሁ የሚጠራላችሁን ምረጡ።

ጠረጴዛዬ ጠባብ ነበር። ቲቪው 95 ሳንቲሜትር ወርድ አለው፣ በ60 ሳንቲሜትር ርቀት ስቀመጥ ጭንቅላቴን እንደ ቴኒስ ተመልካች ማዞር ሆነ። ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ጠረጴዛውን ትንሽ ሳብ አደረግኩት፣ አሁን 90 ሳንቲሜትር ያህል እርቃለሁ። የላይኛው ጠርዝ ከዓይኔ ከፍታ እንዳይበልጥ ዝቅ አድርጌ ነው ያሰቀልኩት። ሰቃዩ ልጅ «ቲቪ እንዲህ ዝቅ አይልም» ብሎ ተከራክሮኝ ነበር፣ እንደ ሳሎን ቢሰቅለው ኖሮ ግን አንገቴ አይችለውም። የማርመውን ገጽ ሁልጊዜ መሃል ላይ አደርጋለሁ፣ ረቂቁንና ኢሜይሉን ዳር።

ያገኘሁት ጥቅም ይህን ሁሉ ድካም ያስረሳል። ግራና ቀኙ ገጽ ጎን ለጎን፣ ከሚታተሙበት መጠን በላይ ሆነው፣ እያንዳንዱ ፊደል ጥርት ብሎ ይታየኛል። የ11 ፖይንቷ ፊደል አሁን 34 ፒክስል ገደማ ይደርሳታል። የኤ3 ፖስተር ስሠራ 42 ሳንቲሜትር ቁመቱ በእውነተኛ መጠኑ ስክሪኑ ላይ ይገባል። ደንበኛዬ መጥቶ ከግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ አድርጎ ያየዋል፣ ለሙከራ ማተም ቀረ።

የማይመቸኝም አለ። ሞኒተር ኮምፒውተሩ ሲተኛ ይተኛል፣ ሲነቃ ይነቃል። ቲቪው ግን «ሲግናል የለም» ብሎ ይቆማል፣ ሪሞት ፈልጌ ማጥፋት አለብኝ። አንድ ቀን ደግሞ ሥራ ላይ እያለሁ ድንገት ጠፋ። ደንግጬ ስመረምረው ለአራት ሰዓት ሪሞት ካልተነካ በራሱ እንዲጠፋ ተደርጎ ነው ከፋብሪካው የወጣው። ኃይል መቆጠቢያ ከሚለው ሜኑ ውስጥ አጠፋሁት።

መብራት ላይም አስቡበት። የቲቪዬ ጀርባ ላይ 110 ዋት ተጽፏል፣ የድሮው ሞኒተሬ 25 ነበር። ዩፒኤሴ ቀድሞ ኮምፒውተሩን ብቻ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ያቆይልኝ ነበር። አሁን ቲቪውንም ስሰካበት ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የሚቆየው። ሥራዬን ሴቭ አድርጌ ለመዝጋት ይበቃኛል። መብራት ሲሄድ ሁሉንም ዘግቼ ሶኬቱን ከግድግዳው እነቅላለሁ። ሲመጣም ወዲያው አልሰካም። የሳሎኑ አምፖል ሳይዋዥቅ አምስት ደቂቃ መብራቱን ካየሁ በኋላ ነው።